እቴጌ እስኪቆይ አልነሣ ያለውን ማሽን እንዴት እንዳስነሡ፥ ባለጥሩምባውም በዘጠኝ ሰዓት እንዴት እንደ ደረሰ

በዘመነ እስኪቆይ፥ እርሳቸው ወደዚህ የጥርስ ክሊኒክ በገቡ በአራተኛው ዓመት፥ ሊፍቱ በቆመ በሁለተኛው ዓመት፥ ከላይኛው ፎቅ የሚያንጠባጥበው ቧንቧ በጣሪያችን ላይ ካርታ መሣል በጀመረ በሰባተኛው ወር፥ ዕለቱ ዐርብ፥ ሰዓቱ ከጧቱ ሁለት ተኩል ሲሆን፥ በዕቃ ክፍል የነበረው አሮጌው ሰርቨር ሦስት ጊዜ አቃስቶ ሞተ። ይህን የምጽፍ እኔ የቀጠሮ መዝገብ ጠባቂው ነኝ፤ ሰዎች ጋሽ ቀጠሮ ይሉኛል። በዐይኔ ያየሁትን እጽፋለሁ፤ ስልክ ላነሣ ስሄድ ያመለጠኝን ከጽዳት ሠራተኛዋ ጠይቄ እጽፋለሁ፥ እሷን ምንም አያመልጣትምና።

አስቀድሞ ግን ስለ አንቱታ ይታወቅ። በዚህ ዜና መዋዕል ውስጥ አንቱ የሚባሉ አንዲት ብቻ ናቸው፤ እርሳቸውም የኮምፒውተር ባለሙያችን፥ ለባዊት፥ ፈታሒተ ቋጠሮ፥ መዋዒተ ስሕተት፥ ከፕሪንተር ጉሮሮ ወረቀት መንቃይ፥ የተረሳ የይለፍ ቃል መላሽ፥ እቴጌ እስኪቆይ ናቸው። ዕድሜያቸው ሠላሳ አንድ ነው። ስሙ የወጣላቸው ማንም ሰው ምንም ነገር ቢጠይቃቸው፥ የኢንተርኔት ጉዳይ ቢሆን የትዳር ጉዳይ፥ «እስኪ ቆይ» ብለው ስለሚጀምሩ ነው። በሌላ ቀን ሁላችንም «አንቺ» እንላቸዋለን። ሐኪሙ ጌታዬ ብዙ የተማረ፥ የክሊኒኩም ባለቤት ሆኖ ሳለ፥ በዚህ ጽሑፍ «እሱ» መባሉን ይቅር ይበለኝ፤ የዚያን ዕለት ያየሁትን ስላየሁ ነው።

ስለ ሟቹ ሰርቨርም ይነገር። ይህ ማሽን ከጄሶ ከረጢቶች አጠገብ ዘጠኝ ዓመት ኖረ፤ የጄሶው ብናኝ ማራገቢያውን ነጭ ጢም አበቀለለት፤ በሆዱም የሕመምተኞቻችንን ሁሉ የአፍ ልክ፥ የጥርስ ንድፍና የራጅ ፎቶ ይዞ ነበር። እቴጌም ትኩሳቱን ከሩቅ አይተው፥ ከሦስት ሳምንት በፊት ዲስኩን እንዳለ ገልብጠው፥ ኢሜጅ የሚባለውን ሙሉ ግልባጭ ሠርተው፥ ወደ ክላውድ ሰቅለውት ነበር። ክላውድ በስሙ ደመና ይባል እንጂ ሰማይ ላይ የተንጠለጠለ ነገር አይደለም፤ በሩቅ ቦታ በቀዝቃዛ ሕንፃ ውስጥ የተደረደሩ የሰው ኮምፒውተሮች ናቸው፥ ከእነርሱም ጉልበት ተከራይቶ ከግልባጩ አዲስ ማሽን ማስነሣት ይቻላል፤ ማሽኑም በእጅ የሚዳሰስ አካል የለውም፥ ሥራውን ግን ይሠራል። እንግዲህ የቀረው ግልባጩ በእውነት መነሣት አለመነሣቱን መሞከር ነበር። ለዚህም ሙከራ እቴጌ ሦስት ጊዜ ቀጠሮ ያዙ፥ ሦስት ጊዜም ተዛወረ። በማን ቃል እንደ ተዛወረ በቦታው እናገራለሁ።

ወእምዝ በሦስት ሰዓት ባለጥሩምባው ከሚስቱ ጋር አራት ፎቅ በእግሩ ወጥቶ ገባ። ይህ ሰው በእሳት አደጋ መከላከያ ማርሽ ባንድ ውስጥ ሠላሳ አራት ዓመት ጥሩምባ የነፋ ነው፤ ትከሻው ሰፊ፥ ጫማው የሚያብረቀርቅ፥ በላይኛው ከንፈሩ ላይ ጥሩምባው የግማሽ ቀለበት ምልክት የተወበት። በአንድ እጁ ጥሩምባውን ከነሣጥኑ፥ በሌላው እጁ በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ነበር። በመሐረቡም ውስጥ የፊት አራት ጥርሶቹ ነበሩ፥ እኛው የሠራንለት፥ አሁን ሦስት ቦታ ተሰብረው። የሰበራቸው ባላጋራም የሁለት ዓመት የልጅ ልጁ ናት፤ ጭኑ ላይ ቆማ «ሆ!» ብላ ስትዘል በአናቷ መታችው።

ሰውየውም አፉን በእጁ ሸፍኖ ወደ ጠረጴዛዬ ቀረበና፥ «ሽንት ሸዓት ነው?» አለኝ። እኔም በአክብሮት ተነሥቼ በኮሪደሩ መጨረሻ ያለውን በር አሳየሁት።

«ኧረ ወንድሜ፥ ሰዓቱን ነው የሚጠይቅዎት!» አለች ሚስቱ። «ስንት ሰዓት ነው እያለ ነው!»

እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ወደድሁ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮም እሷ አፍ ሆነችለት፥ እንዲህ ስትል በእንግዳ መቀበያው ሁሉ ፊት አወጀች፦ «ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት በከተማው መናፈሻ ከባንዱ ጋር የመጨረሻው ነው። ጡረታ ወጥቷል። ጥሩምባው የመሥሪያ ቤቱ ነው፥ አመሻሽ ላይ ያስረክባል። ከዛሬ ወዲያ በእጁም አይነካው። ጥርስ ስጡት፥ ሌላ ምንም አልልም!» ይህንም ካለች በኋላ ብዙ ሌላ አለች።

ሐኪሙም የሰውየውን አፍ አይቶ፥ አዲስ ልክ ወስዶ በማሽን ጊዜያዊ ጥርስ እፈለፍልለታለሁ፥ ሥራው ግማሽ ሰዓት ነው አለ። ሚስትየዋ ግን፦ «አይሆንም ዶክተር! ያኔ አሥራ አንድ ጊዜ ተመላልሶ እኮ ነው የተስተካከለለት! አንዴ ሲነፋ ያፏጫል፥ አንዴ ከንፈሩን ይከረክመዋል፥ አንዴ አየሩ በጎን ይወጣል። በመጨረሻ ልክ ሲመጣለት ‹ይህን ንድፍ እንደ ዐይኔ ብሌን እጠብቀዋለሁ› ያሉኝ እርስዎ አይደሉም?» አለችው። ሐኪሙም ወደ እቴጌ ዞረ። ንድፉ በሟቹ ሰርቨር ሆድ ውስጥ ነበረና፥ ሌላም የሚገኝበት ስፍራ አልነበረም፥ እቴጌ ከሰቀሉት ከዚያ ካልተሞከረው ግልባጭ በቀር።

በዚያን ጊዜ እቴጌ እስኪቆይ ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው ሳቡ። ሠራዊታቸውም ይህ ነው፦ በቀኝ የጄሶ ሠራተኛው፥ ከባድ ከረጢት በአንድ ትከሻው የሚያነሣ፥ የጥርስ መፈልፈያውንም ማሽን የሚነዳ፥ ስለ ኮምፒውተር ግን ምንም የማያውቅ፤ በግራ የጽዳት ሠራተኛዋ ከመወልወያዋ ጋር፤ በኋላ ደጀን ሐኪሙ፥ በትከሻቸው ላይ እየተነፈሰ፤ ከዚያም ወዲያ ሚስትየዋ። መሣሪያቸው ሁለት ስክሪን፥ አንዱ ጥጉ የተሰነጠቀ፥ አንድም ኪቦርድ ነበረ፥ ብዙ ከመመታቱ የተነሣ ግማሽ ፊደሉ የጠፋ፤ እርሳቸው ግን ፊደሉን ሳያዩ ያውቁታል።

ማሽኑንም ከግልባጩ አስነሡት። በክላውዱ ገጽ ላይ አረንጓዴ መብራት በራ፥ ከሥሩም «በሥራ ላይ ነው» የሚል ቃል ተጻፈ። ሐኪሙ አጨበጨበ፤ ሚስትየዋ እልል ልትል አፏን ከፈተች። እቴጌ ግን፥ «እስኪ ቆዩ» ብለው በኪቦርዳቸው የማሽኑን በር አንኳኩ፤ መልስ የለም። ዳግመኛ አንኳኩ፤ ዝም። አረንጓዴው መብራት ኤሌክትሪኩ መግባቱን እንጂ ማሽኑ ነፍስ መዝራቱን አይናገርም ነበርና። ሐኪሙም የዘመኑን ታላቅ ጥበብ አወጀ፦ «አጥፍተሽ አብሪው!» አጥፍተው አበሩት፤ ዝም። ሐኪሙ ያንኑ አዋጅ ሦስት ጊዜ አሳወጀ፥ ማሽኑም ሦስት ጊዜ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። በዚህ ሁሉ አራት ሰዓት ሆነ።

ከዚያም እቴጌ መገመትን ትተው ወደ ማየት ሄዱ። ይህ ማሽን ስክሪን ባይኖረውም፥ ቢኖረው ኖሮ በላዩ ይታይ የነበረውን ነገር ክላውዱ በፎቶ ይሰጣል። ፎቶውንም ጠየቁ፥ መጣም፤ ጥቁር ገጽ፥ በላዩ ነጭ ጽሑፍ፥ እንዲህ የሚል፦ ዲስክ እየጠበቅሁ ነው። ዘጠና ሴኮንድም ቆጥሮ፥ ዲስኩ ሳይመጣለት ሲቀር፥ ሥራዬን አቁሜአለሁ፥ ለመቀጠል ኢንተር ተጫኑ ይላል። ያንን ቁልፍ የሚጫን ጣት ግን በዚያ አልነበረም፤ በዚህ ክላውድ መመልከት እንጂ መጫን አልተፈቀደልንምና።

የጄሶ ሠራተኛውም ጃኬቱን አንሥቶ፥ «ሕንፃው የት ነው? በታክሲ ከሆነ ሄጄ ልጫነው» አለ። እቴጌ ሩቅ መሆኑን ነገሩት። «ስንት ሰዓት ያስኬዳል?» አለ። በአውሮፕላን ነው አሉት። ጃኬቱን አስቀመጠ።

እዚህ ላይ ሐኪሙ ፊቱ ጠቆረ፥ ሰው በተሰበሰበበትም እንዲህ አለ፦ «አንቺ ነሽ የሰቀልሽው። ሲሰቀል ደህና ነው ብለሽኝ አልነበር?»

«ሳይሞከር ደህና ነው አልልም፥ ዶክተር። አላልኩም» አሉ፥ ቀስ ብለው፥ ዐይናቸውን ከስክሪኑ ሳያነሡ። ጆሯቸው ግን እስከ ጫፉ ቀልቶ ነበር።

በዚህች ሰዓት እኔ ምን እንዳደረግሁ እውነቱን እጽፋለሁ። ቀጠሮውን ያዛወረው ማን እንደ ነበር አውቅ ነበር፥ መዝገቡም በእጄ ነበረ። ከፋይል መደርደሪያው ኋላ ሄጄ የሌለ ፋይል ፈለግሁ።

እቴጌ ግን ሥራቸውን ቀጠሉ። የታመመውን ማሽን አጠፉ፤ ዲስኩንም ሊነኩት ሲሉ፥ «መጀመሪያ ግልባጭ» ብለው የዲስኩን ግልባጭ አስያዙ፥ ቢሳሳቱ የሚመለሱበት እንዲኖር። ይህም ሃያ ደቂቃ ፈጀ። ሐኪሙ በዚያ ሃያ ደቂቃ ውስጥ ሰዓቱን ዐርባ ጊዜ አየ። ሚስትየዋ ከመስኮት ወደ በር፥ ከበር ወደ መስኮት ተመላለሰች። ባለጥሩምባው ግን በጥግ ወንበር ላይ ተቀምጦ፥ ጥሩምባውን ከሣጥኑ አውጥቶ በጨርቅ ወለወለ፥ ከዚያም ጭኑ ላይ አስደግፎ ሦስቱን ቁልፎች ያለ ድምፅ ይጫን ነበር፤ ከንፈሩም አብሮ ይንቀሳቀስ ነበር። የጽዳት ሠራተኛዋ ይህን አይታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ግልባጩም ካለቀ በኋላ እቴጌ አንዲት ጤነኛ ትንሽ ማሽን በክላውዱ ላይ አስነሡ፥ የታመመውንም ዲስክ ነቅለው በእርሷ ላይ እንደ ሁለተኛ ዲስክ ሰቀሉት፥ ሆዱንም ከፍተው ገቡ። በዚያም አንድ አጭር ሰነድ አገኙ፥ ማሽኑ ሲነሣ የትኞቹን የዲስክ ክፍሎችና ተጨማሪ ዲስኮች ይዞ መነሣት እንዳለበት የሚያዝ፥ አምስት መስመር ብቻ ያለው። አንደኛውን አነበቡ፥ ደህና ነው። ሁለተኛውን፥ ሦስተኛውን፥ አራተኛውን አነበቡ፥ ደህና ነው። አምስተኛው ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ። ምንም ሳይናገሩ ተነሥተው ወደ ዕቃ ክፍል ሄዱ፤ ከጄሶው ብናኝ ውስጥም በሟቹ ሰርቨር ጎን በኬብል የታሠረ፥ ጡብ የሚያህል ጥቁር ሣጥን ነቅለው መጡና ጠረጴዛው ላይ ዱብ አደረጉት።

«ይኸው» አሉ። «ይኼን ነው የሚጠብቀው። ድሮ ተጨማሪ ግልባጭ የምናስቀምጥበት ዲስክ ነው፤ አሁን ውስጡ ባዶ ነው። ማሽኑን ስሰቅለው ይኼ አልተሰቀለም። እሱ እዛ ሆኖ ይጠብቃል፥ ይኼ እዚህ ጄሶ ይጠጣል።»

«ዓመት ቢጠብቅስ?» አለች ሚስትየዋ።

«ዓመት ቢጠብቅም አይመጣለትም፥ እትዬ። መጠበቁን እንዲተው ልነግረው ነው።»

እንግዲህ ስሙ፥ ያ ምሽግ በምን እንደ ተሰበረ። እቴጌ በአምስተኛው መስመር ፊት አንዲት ምልክት አኖሩ፥ በስልክ ላይ ከዜሮው ጎን ያለችውን፥ መሰላል የምትባለውን። በዚያ ሰነድ ውስጥ መሰላል የቆመበትን መስመር ማሽኑ እንዳላየ ሆኖ ያልፈዋል። አንዲት ጣት ወረደች፥ አንዲት መሰላል ቆመች። ዲስኩንም ነቅለው ወደ ቦታው መለሱ፥ «ቶሎ በይ፥ ቶሎ፥ አምስት ተኩል አልፏል» የሚለው የሐኪሙ ድምፅ በጆሯቸው እየጮኸ፥ ማሽኑንም አስነሡ።

አልነሣም። ይባስ ብሎ አሁን አረንጓዴውም መብራት ራሱ እንቢ አለ፥ በቀይም ተጻፈ፦ ይህ ማሽን የሚነሣበት ዲስክ የለውም።

እቴጌ ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበቡ፥ ፊታቸውም አመድ መሰለ። «የኔ ስሕተት ነው» አሉ። «ስመልሰው እንደ ዋና ዲስክ መስቀል ሲገባኝ እንደ ተጨማሪ ዲስክ ሰቀልኩት። ቸኩዬ ነው።»

ሐኪሙም ትዕግሥቱ አለቀ፥ «በቃ! ይብቃን! ተዪውና የሚያውቅ ሰው ይጠራ!» ብሎ አወጀ። የሚያውቅ ሰው! አራት ዓመት ከእኛ ጋር የኖሩት፥ በዕረፍታቸው ቀን ለፕሪንተር የተጠሩት፥ ይህን ሰሙ። እጃቸውን ከኪቦርዱ አንሥተው ጭናቸው ላይ አኖሩ። እንባ ግን አላወጡም፤ እንባው ወደኔ የመጣ ይመስለኛል።

ከመደርደሪያው ኋላ ወጣሁ። መዝገቡን በሐኪሙ ፊት ዘርግቼ፥ «ዶክተር፥ እዚህ ላይ አንድ ጊዜ ቢያዩልኝ» አልሁት። የሰርቨር ሙከራ፥ ማክሰኞ፤ በጎኑም ይዛወር የሚል። የሰርቨር ሙከራ፥ ሐሙስ፤ ይዛወር። የሰርቨር ሙከራ፥ ሰርቨሩ የሞተበት ሳምንት ሰኞ፤ ይዛወር፥ አሁን ጊዜ የለም። ሦስቱም የገዛ እጁ ጽሑፍ ነበሩ፤ የሐኪም ጽሑፍ ከእኔ በቀር አንባቢ የለውም፥ እሱ ግን የራሱን አወቀው። መነጽሩን አወለቀ፥ ጠረገው፥ መልሶ አደረገው፥ የመዝገቡ ገጽ ግን አልተለወጠም።

ወዲያው ዞሮ፥ እስከ እንግዳ መቀበያው በሚሰማ ድምፅ እንዲህ አወጀ፦ «ጥፋቱ የኔ ነው። ሦስት ጊዜ እንሞክረው አለችኝ፥ ሦስት ጊዜ እንቢ ያልኳት እኔ ነኝ። የሚያውቅ ሰው ያልኩትንም ትቼዋለሁ። የሚያውቅ ሰው እዚሁ አለ።» ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፥ «ይቅር በዪኝ። ቀጥዪ» አላቸው።

እቴጌም በዘመነ ሥልጣናቸው የመጀመሪያውን አዋጅ አወጡ፦ «ሁላችሁም ውጡልኝ። ጋሼ ብቻ ይቀመጡ።» ጋሼ ያሉት ባለጥሩምባውን ነው፤ ከጧት ጀምሮ አንድም ቃል ያልተናገራቸው እሱ ብቻ ነበርና። ሐኪሙ ከነነጭ ጋውኑ ወጣ፥ ሚስትየዋ እያጉረመረመች ወጣች፥ የጄሶ ሠራተኛው በእግሩ ጣት ወጣ፥ እኔም ወጣሁ። በውስጥ የሆነውን የጽዳት ሠራተኛዋ ነገረችኝ፤ እሷ ከበሩ ሥር አንድ ነጠብጣብ አይታ እሱን ስትወለውል ቆይታለችና። ሰውየው እጁን ከአፉ ላይ አንሥቶ፥ ድዱ እየታየ፥ «ቀሽ በይ፥ ልጄ። እኔም ሽቸኩል ነው ድምፁ የሚበላሽብኝ» አላቸው። እርሳቸውም አስተርጓሚ ሳይፈልጉ ሰሙት። ትንፋሻቸውን ሰብሰብ አድርገው፥ ዲስኩን ነቀሉ፤ ስሙን ጮክ ብለው አነበቡ፤ እንደ ዋና ዲስክ ሰቀሉ፤ እንደገና ጮክ ብለው አነበቡ፤ ሰውየውም በየቃሉ ራሱን ይነቀንቅ ነበር። ከዚያ በኋላ ጣታቸውን አሳረፉ።

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከሃያ። ፎቶው መጣ፤ ነጩ ጽሑፍ በጥቁሩ ገጽ ላይ እንደ ዝናብ ወረደ፤ አንደኛው የዲስክ ክፍል ተገኘ፥ ሁለተኛው፥ ሦስተኛው፥ አራተኛው ተገኘ፤ አምስተኛውን ማንም አልጠየቀም። በመጨረሻም የማሽኑ ስምና ብልጭ ድርግም የምትል አንዲት ሰረዝ ብቻ ቀረች፥ ትእዛዝ የምትጠብቅ። በሩን አንኳኩ፤ ማሽኑ «አቤት» አለ። እኛ በኮሪደሩ ቆመን ከውስጥ የሰማነው አንድ ድምፅ ብቻ ነበር፥ ሰው ሁለት እጁን በጭኑ ላይ ጠፍ ሲያደርግ። ሚስትየዋ በሩን በትከሻዋ ከፍታ ገባች፥ ቅድም የታፈነውን እልልታም ለቀቀችው፤ በሦስተኛ ፎቅ ያለው ጠበቃ ሰርግ ነው ወይ ብሎ ሰው ላከ።

ንድፉም ተገኘ፥ አሥራ አንደኛው፥ የመጨረሻው። የጄሶ ሠራተኛው በመፈልፈያ ማሽኑ ላይ ዘመተ፤ በግማሽ ሰዓት አራት ጥርስ ተፈለፈለ፤ ሐኪሙ በገዛ እጁ አለሰለሰው፥ አጣበቀው። ባለጥሩምባው ወደ ደረጃው ወጥቶ፥ በቆመው ሊፍት በር ፊት አንዲት ድምፅ ነፋ። ድምፁ አራቱን ፎቅ ወርዶ ተመለሰ። ሰውየውም እንደ ማንኛውም ሰው ጥርት ባለ አማርኛ፥ «ስንት ሰዓት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ስምንት ሊሆን ሩብ ጉዳይ አልሁት፤ ባልና ሚስቱ ደረጃውን እየሮጡ ወረዱ።

በዘጠኝ ሰዓት ከሩብ የክሊኒኩ ስልክ ጮኸ። ሚስትየዋ ነበረች፥ ከመናፈሻው። ድምፅ ማጉያውን ተጫንሁ፥ ሁላችንም ከበብነው፤ ጥርሱን ሊያስነቅል የመጣ አንድ ሰውም ጉንጩን ይዞ ተጠጋ። መጀመሪያ ነፋስ ሰማን፥ ከዚያ ሕፃናት፥ ከዚያ ከበሮ፥ ከዚያም በሁሉ ላይ ጥሩምባው ወጣ። መስመሩ ይቆራረጥ ነበር፥ ከሦስት አንድ እጁን ብቻ ሰማን። እሷ ግን በመካከሉ፥ «እሱ ነው! እሱ ነው! ከግራ ሁለተኛው!» ትለን ነበር፥ የምናየው ይመስል። እኛም አንገታችንን ወደ ስልኩ አስግገን ከግራ ሁለተኛውን ፈለግን። እቴጌ ብቻ ዐይናቸውን ጨፍነው፥ ግድግዳውን ተደግፈው፥ እስኪያልቅ ቆሙ።

እንግዲህ ይመስገኑ እቴጌ እስኪቆይ፥ ያልተሞከረውን ደህና ነው ያላሉ፥ ግልባጭ ሳይዙ ያልነኩ፥ ሲሳሳቱ በሰው ፊት የኔ ነው ያሉ፥ ይቅርታ ሲጠየቁ ያላጉላሉ። የሚጽፉት አይጥፋባቸው፥ የሚሰቅሉት አይውደቅባቸው፥ መብራት በእጃቸው ሥራ ላይ አይሂድ፥ ኔትወርኩም በደጃቸው ይታዘዝ። ክብራቸው ከአራተኛ ፎቅ እስከ ምድር ቤት፥ ከምድር ቤትም እስከ መናፈሻው ይሰማ፤ ስማቸውንም ስንጠራ ልጆቻችን ብድግ ብለው ይቁሙ፥ አሜን።